የእታለም እጅና የሰርካለም እግር

ከጅጋ ወደ ገጠር የሚገባውን የጠጠር መንገድ ይዞ ጥቂት የተጓዘ ሰው፣ ጅረቷን ሲሻገር ጉብታ ላይ የተሰበሰቡ የቆርቆሮ ቤቶች ያገኛል። የእታለምን ቤት ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አያሻውም፤ ደጁ ላይ ዶሮ የሚተራመስበት የሷ ነው። እታለም ስድሳን የተሻገረች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿም አንዱ ቡሬ፣ አንዷ ፍኖተ ሰላም ገብተው ቀርተዋል። ማሳዋን የሚያርስላት የእኩል አራሽ አላት። ዶሮዎቿን ግን ለማንም አሳልፋ አትሰጥም።

በዚያ አካባቢ ስለ ዶሮ ከተነሣ የሷ ስም ሳይነሣ አይቀርም። የአንዷ ጎረቤት ዶሮ መጣል አቁማ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ቁር ቁር እያለች ከጎጆዋ አልነሣም ያለች እንደሆነ ባለቤቲቱ የራሷን እጅ አታምንም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትመጣና "እታለም፣ እስቲ በእጅሽ አስቀምጭልኝ" ትላታለች። የእታለም እጅ ያረባል ተብሎ ይታመናላ! እሷ ያስታቀፈቻት ዶሮ ጫጩት አታጎድልም ይባላል። ወሬው መቼ እንደተጀመረ ማንም አያስታውስም፣ እሷም ብትሆን። ግን አንዴ ተባለ፤ እየዋለ እያደረም ስሟ ሆነ። ማኅበር ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ከፊት ቦታ የሚለቀቅላት በዚህ ነው። እሷም ቦታውን አልጠላችውም። እውነቱን ለመናገር በጣም ትወደው ነበር።

ታዲያ ዝም ብላ በእጇ የምትመጻደቅ እንዳትመስላችሁ። ሥራዋን ታውቃለች። ከተሰበረ ጋን ወለል ላይ የጤፍ ጭድ ትጎዘጉዝና በክርኗ እየተጫነች ታጎደጉደዋለች። ነጎድጓድ እንቁላል ያበላሻል ስለሚባል አንድ ቁራጭ ከሰልና አንድ የዛገ ምስማር ከሥር ትወሽቃለች። እንቁላሉን አንድ በአንድ እያነሣች ትመረምራለች፤ ቅርፊቱ የሳሳውን፣ የሾለውን፣ ብዙ የቆየውን ለይታ ታስቀራለች። ዶሮዋን የምታስቀምጣት ሲመሻሽ ነው፤ በብርሃን ያስቀመጧት ዶሮ ትደነብራለች ባይ ናት። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቅ እያለች ትጎበኛለች። ዶሮዋ ጥሬና ውሃ እንዳታጣ፣ አመድ ላይ ተንከባልላ ቶሎ እንድትመለስ፣ ሌላዋ ገብታ እላይዋ ላይ እንዳትጥልባት ታስጠብቃለች።

አንዳንድ ሴቶች ዶሮ እንድትታቀፍ ካልፈለጉ እግሯን አስረው ቁልቁል ያንጠለጥሏታል፤ ላባ ነቅለው አፍንጫዋ ውስጥ የሚሰኩባትም አሉ። እታለም ይህን ያየች ቀን ጎረቤትነት አታውቅም። "እናት ልሁን ባለች ምን አደረገቻችሁ?" ብላ ትጮኽባቸዋለች። እሷ ማስታቀፍ ያልፈለገቻትን ዶሮ ለጥቂት ቀን ሌላ ቤት አስጠግታ ነው የምታስረሳት።

ዘንድሮ በጥር የጎረቤቷ የእንቁ ልጅ ይታገሱ አገባ። እንቁና እታለም ከአንድ ምንጭ ውሃ ሲቀዱ ያረጁ፣ በዓመት አንዴ ተኳርፈው በሳምንቱ የሚታረቁ ጎረቤታሞች ናቸው። ሙሽራዪቱ ሰርካለም የመጣችው ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም በኩል ነው። እንቁ ለስሟ የሚመጥን ሠርግ መደገስ ስለፈለገች፣ በሬው ሳያንስ "በአማቾቼ ገበታ ላይ ዶሮ ያልቀረበ እንደሆነ ሞቼ እገኛለሁ" አለች። ስለዚህ የጉብታው ሰው ሁሉ አውራ ዶሮውን ብብቱ ሥር እያደረገ መጣ። እታለምም ያንን ደረተ ሰፊ ቀይ አውራዋን እየቆጫት ሰጠች። ተበላ፣ ተጨፈረ፣ ተመረቀ። ሙሽሮቹ ከእንቁ ቤት አጠገብ በተሠራች አዲስ ቤት ገቡ።

ወዲያው ዓቢይ ጾም ያዘ። በጾም እንቁላል የሚቀምስ የለም፤ ገበያ ቢወስዱትም የሚያነሣው ጥቂት ነው። እንቁላሉ በየቤቱ ስለሚከማች ሴቶቹ ዶሮ የሚያስታቅፉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ወቅት ነው። ሰርካለም እናቷ የሰጠቻት አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረቻት። ጾሙ ሲጋመስ ገብስማዋ ማቀፍ ፈለገች። እንቁ ወዲያው እታለምን ጠራች።

እታለም ጭዱን ስትጎዘጉዝ ሰርካለም ከጎኗ ተንበርክካ እንቁላል ታቀብላት ነበር። በባሏ ቤት የመጀመሪያ ሀብቷ ነው፤ እንቁላሎቹን በሁለት እጇ ነበር የምትይዛቸው።

"እማማ፣ ሁሉም ይፈለፈሉ ይሆን?" ብላ ጠየቀች።

"እኔ አስቀምጬው?" አለች እታለም። ደግሞ ሳቅ ብላ "አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ለጫጩቶቹ ቦታ ብቻ አዘጋጂ" አለቻት።

በሳምንቱ እታለም የራሷንም ዶሮ፣ ጥቁሯን፣ አስታቀፈች።

ሦስቱ ሳምንት አለፈና የሰርካለም ቤት ዝም አለ። ሰርካለም ጆሮዋን እንቁላሎቹ ላይ ብትለጥፍ ጭር ያለ ነው። ጥቂት ቀን ደግሞ ታገሡ። በመጨረሻ እንቁ ትዕግሥቷ አለቀና አንዱን እንቁላል ደጅ አውጥታ ሰበረችው። ጫጩት ይቅርና የደም ክር እንኳ አልነበረበትም፤ አስኳሉ እንዳለ ነበረ። ሁለተኛውን ሰበረች፣ ሦስተኛውን። ሁሉም ያው ሆነ።

በዚያ አገር አዲስ ሙሽራ ስትገባ እግሯ ይታያል። እሷ በገባች ዓመት ላም ከወለደች፣ እህሉም ከበረከተ እግረ እርጥብ ትባላለች፤ ነገር ከተሰናከለ ደግሞ እግረ ደረቅ ናት። እግረ ደረቅ የተባለች ሴት ዕዳዋ ብዙ ነው። በረዶ ቢጥል፣ በሬ ቢያነክስ፣ ሕፃን ቢያስለው፣ ዓይን ሁሉ ወደሷ ይዞራል። አንዳንዷ ጓዟን ጠቅልላ እናቷ ቤት እስከመመለስ ትደርሳለች። እንቁ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የሰው ችግር አይታ አታልፍም። ምላሷ ግን ከልቧ ቀድሞ ይሄዳል። ምንጭ ላይ ለተሰበሰቡት ሴቶች "የእታለምን እጅ እናውቀዋለን። ታዲያ ሌላ ምን ቀረ?" አለቻቸው። ሴቶቹ ምን እንደቀረ ገባቸው።

ወሬው እታለም ጆሮ ሲደርስ ምን ተሰማት? ደስ አላት። ያሳፍራል፣ ግን ደስ አላት። እንቁላሉ እንደተበላሸ በሰማች ጊዜ ልቧ ደንግጦ ነበርና፣ ጥፋቱ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ትንፋሿ ተመለሰላት። ያን ቀን እህል አበጥራ፣ ጓሮ ጠርጋ፣ ስታንጎራጉር ዋለች።

ማግሥቱን ሰርካለምን ምንጭ ላይ አገኘቻት። ልጅቷ ሌሎቹ ቀድተው እስኪሄዱ ጀሪካኗን ይዛ ገለል ብላ ቆማ ነበር። ማንም አላናገራትም።

"እንዴት ዋሉ እማማ?" አለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነዋ ከሳሽ?"

"ምንም አልሆንሁ።" ጀሪካኗን ደቀነች፤ ውሃው እስኪሞላ ቀና አላለችም። ከዚያ "ይታገሱም ዝም አለኝ" አለች።

እታለም "አይዞሽ" ማለት እንኳ አፏ ላይ ቀረባት። እንስራዋን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ልቧ ከበዳት እንጂ ትናንት የነበረው ደስታ የለም።

ቤቷ እንደገባች ጥቁሯ ዶሮ ዘንድ ሄደች። ሊፈለፈል የተቃረበን እንቁላል የምትፈትንበት ዘዴ አላት፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትከተዋለች። ነፍስ ያለበት እንቁላል ውሃው ላይ ነቅነቅ ነቅነቅ ይላል። በጎድጓዳ ሳህን ውሃ አቅርባ አንድ በአንድ ከተተቻቸው። አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። አንዱን ጓሮ ወስዳ ሰበረችው፤ እንደ ሰርካለም እንቁላል አስኳሉ እንዳለ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። ሰው የሚያመሰግናቸው፣ የሚለምናቸው እጆች ናቸው። "ደረቃችሁ?" አለቻቸው። ከልቧ ነበር የጠየቀችው፤ ፈርታለች። ይህን ማንም አላየም። ቀሪዎቹን እንቁላሎች ጉድጓድ ቆፍራ ብትቀብር፣ ለጠየቃት ሁሉ "ሽለምጥማጥ በላብኝ" ብትል ነገሩ ያልቃል፤ ሽለምጥማጥ እንደሆነ ያልሠራውንም ቢለጥፉበት አይከራከር። ስሟ ስሟ እንደሆነ ይቀጥላል። ልጅቷ ግን እግረ ደረቅ እንደተባለች ትኖራለች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከዚያ ድንጋይ አልተነሣችም። ደጋግማ "እኔ ምን አገባኝ?" አለች፤ መልሱንም ታውቀው ነበርና ራሷን ማሳመን አልቻለችም።

በማግሥቱ ቅዳሴ ሲወጣ እንቁላሎቹን በእንቅብ ይዛ እንቁ ግቢ ገባች። መሪጌታ ቴዎፍሎስ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎራ ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ቤታቸውም እዚያው ጉብታ ላይ ነው። ሰርካለም ጥግ ላይ ምስር ትለቅማለች።

እታለም እጅ ነሥታ እንቅቡን መሬት ላይ አስቀመጠች። "እንቁ፣ ይኸውልሽ። የኔም አልተፈለፈለም። ዶሮዋ የኔ፣ ቤቱ የኔ፣ ያስቀመጥሁትም እኔ ነኝ። የዚች ልጅ እግር ደጄን ረግጦት አያውቅም። እጄ ነው የደረቀው እንጂ ልጅቷ ምንም አታውቅም" አለች።

ሰርካለም ምስሩን መልቀም አቆመች።

መሪጌታ ነገሩን ለማቅለል ሳቅ አሉ። "ኧረ ተይ እታለም! እጅሽ ምን አደረገ? ዘንድሮ ሁሉም ነገር ተዛብቷል። እኔስ ብትይ? ድሮ ያንች ቀይ አውራ ሲጮኽ ተነሥቼ፣ ዳግም ሲጮኽ ደጀ ሰላም እደርስ ነበር። ከሠርጉ ወዲህ ማን ይቀስቅሰኝ? በስልክ ሆነ ነገሩ። ስልኩም ባትሪው ሲያልቅ ሰዓታቱ ያልፈኛል፤ ደቀ መዛሙርቱም ይስቁብኛል።"

ሰርካለም በነጠላዋ አፏን ከልላ፣ ቀስ ብላ "መሪጌታ፣ እዚህ ሰፈር የሚጮኽ አውራ የለም ማለት ነው?" አለች።

"ከየት ይመጣል ልጄ? ላንች ሠርግ ታርዶ አለቀ እኮ!"

እታለም መጀመሪያ እንቁን፣ ቀጥሎ እንቅቡን አየች። ጾሙን ሙሉ የተጣለው እንቁላል ሁሉ አውራ ካላየች ዶሮ የወጣ ነው። ዘር ከየት ያመጣል? ጭዱን አይታለች፣ ቅርፊቱን አይታለች፣ ምስማሩን ወሽቃለች። አውራው ግን በዕድሜዋ ሙሉ ከሰፈሩ ጠፍቶ ስለማያውቅ አስባው አታውቅም። "እኔ ነኝ ይህ የጠፋኝ?" አለች፤ ፊቷ ጋለ።

እንቁ እጅ አልሰጥ አለች። "ያው ነው እንግዲህ! ሠርጉስ የማን ሆነና?"

"ወጡንስ የበላነው እኛ አይደለንም እንዴ?" አሉ መሪጌታ። "እኔ ራሴ ሁለት ብልት በልቻለሁ። እግር ከተፈለገ የኔም ይታይ!"

ሰርካለም ሳቋ አመለጣት። ከሠርጓ ወዲህ በዚያ ግቢ ስትስቅ የተሰማችው ያን ቀን ነው። እንቁ ግን ፊቷን አልፈታችም። "የአውራው ነገር ይሁን ልበል። እግር ግን እግር ነው። የሚታወቅ ነገር ነው" ብላ ጭቃ ያልነካውን ቀሚሷን አራገፈች።

እታለም ያኔ አንድ ነገር ታያት። ልጅቷን ነፃ የሚያወጣት መንገድ አለ። ግን በዚያ መንገድ የሄደች እንደሆነ የራሷ ነገር ያበቃል። ጫጩት የሚመጣው ከአውራ፣ ከደህና ዶሮና ከጥሩ ጎጆ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ዘመን የተመሰገነው እጇ ምን ነበር? ባዶ እጅ ነበር። ይህን ማሰቡ አመማት። አመማትና ተናገረችው።

"ጥቁሯ ገና አልሰለቻትም፤ አሁንም ታቅፋለች" አለች። "አውራ ካለበት ቤት እንቁላል አመጣለሁ። ዶሮዋን እዚህ፣ ሰርካለም ቤት እናስቀምጣታለን። እንቁላሉን የምታስቀምጠው ሰርካለም ናት። እኔ እጄን አላስገባም፤ አልነካውምም። እግሯ እዚያው፣ እጇም እዚያው። ከዚያ የሚሆነውን እናያለን።"

እንቁ ልትከራከር አስባ መሪጌታን አየችና "ይሁን" አለች።

አውራ ዶሮ የተረፈው ከጅረቱ ማዶ ነበር። የማዶ ሰዎች በወሰን ምክንያት ከእንቁ ጋር ተኳርፈው ለሠርጉ ዶሮ አላመጡም፤ ኩርፊያቸው አውራዎቻቸውን አተረፈላቸው። እታለም ተሻግራ፣ የክርስትና ልጇን ለምና፣ ትኩስ ትኩሱን እንቁላል በእንቅብ ጭድ ላይ ደርድራ ተመለሰች። ሲመሻሽ ጥቁሯን በነጠላ ሸፍና ሰርካለም ቤት አስገባቻት። ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ ቆመች።

"ጎድጎድ አድርጊው። በክርንሽ። እንደሱ። ሹሉን ወደ ውስጥ።"

ሰርካለም እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አስቀመጠች። አንድ እንቁላል ወደ ዳር ሲንከባለል የእታለም እጅ ሊይዘው ተዘርግቶ ነበር፤ መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ጥቁሯ ገላዋን እያወዛወዘች ወረደችበት፣ እንቁላሉን በምንቃሯ ወደ ደረቷ ሳበች፣ ጸጥ አለች።

ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። እታለም በየቀኑ እየመጣች በር ላይ ቆማ ትጠይቃለች እንጂ አትገባም። ጥቁሯ ከሁለት ዙር የተነሣ ስለከሳች ሰርካለም የራሰ በቆሎ እንድትሰጣት፣ ውሃውን ከአጠገቧ እንዳታርቅ ነገረቻት። ሰርካለም የተባለችውን ሁሉ አደረገች። ይታገሱም መጀመሪያ ዝም ብሎ ያይ ነበር፤ ኋላ ጥሬውን ራሱ መሸርከት ጀመረ።

አንድ ጧት ሰርካለም በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። "እማማ! እማማ! ይጮኻሉ!"

እታለም በሩን አልፋ ገባች። ከጥቁሯ ክንፍ ሥር አንድ እርጥብ ቢጫ ራስ ብቅ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ሌላ። እስከ ቀትር ድረስ ጎጆው ሞላ፤ ሳይፈለፈሉ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። እንቁ መጣች፣ አየች፣ ብዙ ቆማ አየች። ከዚያ ሰርካለምን አንገቷን አቅፋ ሳመቻትና አለቀሰች። "ልጄ፣ አፌን በቆረጠው" አለች። ሰርካለምም አለቀሰች። እታለም አላለቀሰችም። ልጅቷ ስለተረፈች ደስ ብሏታል፤ ደግሞም የእጇ ስም እንዳበቃ ታውቋታል። ሁለቱም እውነት ነበሩ።

"ሁለት ቀን ከቤት አታስወጫቸው። ጭልፊት ይጠብቃል" ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰው መቼም ሰው ነው። የአውራውን ነገር መሪጌታ በየደረሱበት እየሳቁ ቢያወሩትም፣ የጉብታው ሴቶች ጆሮ ውስጥ የገባው ሌላ ነው። "ሙሽራዪቱ ባስቀመጠችው ጎጆው ሞላ አሉ!" ተባለ። በሳምንቱ ሰርካለም እግረ እርጥብ ሆነች። በሁለተኛው ሳምንት እጇም ያረባል ተባለ። ወሬውን በየቤቱ ያዞረችው ደግሞ ራሷ እንቁ ናት።

ግንቦት ውስጥ አንድ ከሰዓት እታለም ደጇ ላይ ጌሾ ስታሰጣ፣ ከላይ ሰፈር እናኑ የምትባል ሴት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ስትመጣ አየቻት። ዶሮዋ ማቀፍ ፈልጋ መሆን አለበት። እታለም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ብድግ አለች። እናኑ ግን ሰላምታ ሰጥታ "የሰርካለም ቤት ይኸኛው ነው?" አለች።

"አዎ፣ እሱ ነው" አለች እታለም፤ በእጇም አሳየቻት። እናኑ አልፋ ስትሄድ ተመልሳ ተቀመጠች። ጌሾውን ደጋግማ ዘረጋጋችው፤ የተዘረጋውን ጌሾ። ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ታወቃትና ተናደደች።

ጥቂት ቆይቶ ሰርካለምና እናኑ አብረው ወጡ። ሰርካለም የእታለም ደጅ ስትደርስ እናኑን "ይቅደሙ፣ እደርስብዎታለሁ" ብላ ቆመች። ከዚያ ወደ እታለም ጠጋ ብላ አጎነበሰች።

"እማማ፣ ጎጆው እንደነገሩኝ ነው አይደል? በክርን?"

"በክርን።"

"ሲመሻሽ?"

"ሲመሻሽ።"

ሰርካለም እናኑ እንዳትሰማ ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አውራ ዶሮ እንዳላቸው ልጠይቃቸው?"

እታለም ቀና ብላ አየቻት። ሳቋ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ መጣና ትከሻዋን አንቀጠቀጠው። የልጅቷን እጅ ይዛ ሳመችው።

"ጠይቂያቸው የኔ ልጅ" አለች። "ካላቸው እጅሽ ያረባል።"